ሽቱትጋርት ወይስ ማግደቡርግ? ሁለት አድሚሽን ለያዘች እህት

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። 26 ዓመቴ ነው። በኤሌክትሪካል ምሕንድስና ተመርቄ አዲስ አበባ ውስጥ የከፍተኛ ኃይል መስመር በሚዘረጋ ድርጅት እሠራለሁ። ጀርመን ለማስተርስ አመልክቼ ሁለት አድሚሽን መጣልኝ። አንዱ ከሽቱትጋርት ዩኒቨርሲቲ በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ነው። ሌላው ከማግደቡርግ በኤሌክትሪካል ምሕንድስናና ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ነው። የብሎክድ አካውንቱን፣ ማለትም ለቪዛ ተቆልፎ የሚቀመጠውን የኑሮ ገንዘብ፣ አሜሪካ ያለችው እህቴ ትሸፍንልኛለች። ሽቱትጋርት አጠገብ አጎቴ ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር ይኖራል፤ ‹ነይ፣ እኛ ጋ ትኖሪያለሽ› ብሎኛል። ሰው ሁሉ ሽቱትጋርት ሥራ አለ፣ ማግደቡርግ ግን ምሥራቅ ነው፣ ለጥቁር ሰው ይከብዳል ይለኛል። አንዳንዱ ደግሞ ማግደቡርግ ኢንቴል የሚባለው የቺፕ ኩባንያ ሊገባ ነው ይለኛል። የትኛውን ልምረጥ? ዶርምስ መቼና እንዴት ነው የሚያዘው?»

እንኳን ደስ ያለሽ፣ እህቴ። ሥራ እየሠሩ፣ ማታ ማታ ማመልከቻ እየጻፉ ሁለት አድሚሽን ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ወደ ጀርመን የሚመጡ ተማሪዎችን የማማከር ሥራ ላይ ነኝ። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ እንዳንቺ ያለ ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል።

ዩኒቨርሲቲውንና ማደሪያውን ለየብቻ ነው የጠየቅሽኝ። አብዛኛው ሰው እንደዚያ ነው የሚያስበው፤ ትምህርት ቤቱን መርጦ ይጨርስና ቤቱን በኋላ ይፈልጋል። እኔ ግን አንድ ላይ እንድትወስኛቸው ነው የምመክርሽ። ጀርመን ውስጥ ቤት ከሌለሽ አድራሻ የለሽም። አድራሻ ከሌለሽ በከተማው መዝገብ አትመዘገቢም። ካልተመዘገብሽ ደግሞ የመኖሪያ ፈቃድሽም፣ የግብር ቁጥርሽም፣ ሥራሽም ይጓተታል። ስለዚህ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎችን ስታወዳድሪ የምታወዳድሪው ሁለት ኑሮ ነው።

ሆኖም ከሁሉ በፊት ትምህርቱን እንይ። የሁለቱንም ፕሮግራም «ሞዱልሃንድቡኽ» ከዩኒቨርሲቲዎቹ ድረ ገጽ አውርጂ። ኮርሶቹ ምን እንደሚያስተምሩ፣ በየትኛው ሴሚስተር እንደሚሰጡ፣ ፈተናቸው በቃል ይሁን በጽሑፍ አንድ በአንድ የተጻፈበት ሰነድ ነው። ይህን ሰነድ ሳያይ የከተማ ስም የሚመርጥ ተማሪ ብዙ ነው። ከፊትሽ ወረቀት አስቀምጪና ከልብሽ ልትማሪያቸው የምትፈልጊያቸውን ኮርሶች ከሁለቱም ጻፊ። የትኛው ወረቀት እንደሞላ ራስሽ ታይዋለሽ።

የኔን ግምት ከፈለግሽ፣ የሽቱትጋርቱ ወደ ኮሙኒኬሽንና ወደ ኮምፒውተር ሃርድዌር ያደላል። ማግደቡርግ ደግሞ በኤሌክትሪክ ኔትዎርክና በታዳሽ ኃይል ላይ የሚሠራ ራሱን የቻለ የትምህርት ክፍል አለው። አንቺ ውለሽ የምታድሪው ከትራንስፎርመርና ከሰብስቴሽን ጋር ነው። በዚያው መስክ መቀጠል የምትፈልጊ ከሆነ ያለሽ የሥራ ልምድ ማግደቡርግ ይበልጥ ይጠቅምሻል። የመመረቂያ ጽሑፍሽንም ከምታውቂው ነገር ተነስተሽ መጻፍ ትችያለሽ። ሙያ መቀየር ከፈለግሽ፣ ወደ ቺፕና ወደ ሶፍትዌር መሻገር ከሆነ ሐሳብሽ፣ ሽቱትጋርት በጣም ጥሩ ነው። ይህን የምትመልሺው አንቺ ብቻ ነሽ። አጎትሽም፣ የሥራ ባልደረቦችሽም ሊመልሱልሽ አይችሉም።

አሁን ወደ ገንዘቡ።

ብሎክድ አካውንት ላይ ለአንድ ዓመት የሚገባው 11,904 ዩሮ ነው። በብር ሁለት ሚሊዮን ገደማ ይሆናል፤ እህትሽ የምትሸከመው ቀላል ሸክም አይደለም። እዚህ ስትደርሺ በወር በወር የሚለቀቅልሽ 992 ዩሮ ነው። በስምሽ ይከፈታል፣ ገንዘቡን ግን እህትሽ ከአሜሪካ በቀጥታ ልትልክ ትችላለች። በብር ሰብስባችሁ ባንክ ለባንክ የውጭ ምንዛሬ መለመን አያስፈልጋችሁም።

ከ992ቱ መጀመሪያ የሚወጣው የጤና መድን ነው። ከ30 ዓመት በታች ስለሆንሽ በተማሪ ዋጋ ትመዘገቢያለሽ፤ ወደ 150 ዩሮ ቁጠሪው። 842 ይቀራል።

ሽቱትጋርት ያለው ባደን-ቩርተምበርግ ክልል ውስጥ ነው። ይህ ክልል ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከሚመጡ ተማሪዎች በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። በወር ሲካፈል 250 ነው። የግል ክፍል ተከራይተሽ 500 ዩሮ ብትከፍዪ፣ ከ842 ላይ 750 ይሄዳል። ለምግብ፣ ለስልክ፣ ለልብስ፣ ለሁሉም የሚተርፍሽ 92 ዩሮ ነው። በ92 ዩሮ ወር አይገፋም። ማግደቡርግ ባለበት ዛክሰን-አንሃልት ለመጀመሪያ ጊዜ ማስተርስ የሚማር እንዳንቺ ያለ ተማሪ እንዲህ ያለ ክፍያ የለበትም፤ በሁለቱም ቦታ ያለው የሴሚስተር መዋጮ ብቻ ነው። ክፍል በ300 ዩሮ ብታገኚ 542 ይተርፍሻል። ጠንቀቅ ብሎ ለሚኖር ተማሪ ይበቃል።

የሁለቱን ዓመት ልዩነት ደምሪው። ትምህርቱ ለአራት ሴሚስተር 6,000 ዩሮ። ኪራዩ በወር 200 ቢለያይ በ24 ወር 4,800። ድምሩ 10,800 ዩሮ ነው። ይህ እህትሽ ሌላ አንድ ዓመት ብሎክድ አካውንት ልትሞላልሽ ጥቂት እንደቀራት ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋውን ላስታውስሽ፤ የመኖሪያ ፈቃድሽ ሲታደስ የገንዘብ ማስረጃ እንደገና ይጠየቃል። ስለዚህ እህትሽን ዛሬውኑ በግልጽ ጠይቂያት። «የመጀመሪያውን ዓመት ነው ወይስ ሁለቱንም ነው የምትችዪው?» በያት። መልሷ ምንም ይሁን፣ አሁን ማወቁ ይሻልሻል።

በሽቱትጋርት በኩል አንድ በር አለ። የክልሉ ሕግ ዩኒቨርሲቲዎች በጣም ካላደጉ አገሮች ለሚመጡ የተወሰኑ ተማሪዎች ክፍያውን እንዲተዉላቸው ይፈቅዳል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ቅድመ ሁኔታውም ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ይለያያል። ኢትዮጵያ ግን በዚያ ዝርዝር ውስጥ ናት። ለዓለም አቀፍ ጉዳዮች ቢሮው አጭር ኢሜይል ጻፊና ለአንቺ የሚሆን ነገር መኖሩንና የማመልከቻውን ቀን ጠይቂ። መጠየቅ ምንም አያስከፍልም።

«አጎቴ ጋ በነጻ ብኖርስ?» ትዪኝ ይሆናል። ያኔ ሒሳቡ ይገለበጣል፤ ክፍያው ወጥቶም 592 ይተርፍሻል። በቁጥር ብቻ ካየነው ሽቱትጋርት ይረታል። ነገር ግን ዘመድ ቤት መኖር የሒሳብ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን አንቺም ታውቂዋለሽ።

አጎትሽ ከልቡ ነው የተናገረው፣ አልጠራጠርም። እኛ ዘንድ የወንድም ወይም የእህት ልጅ ባሕር ተሻግራ ስትመጣ «ነይ» የማይል ዘመድ የለም። ይሉኝታም አለ። እሱ «አይመቸንም» ሊልሽ አይችልም፤ አንቺም «እንዴት ነው ቤታችሁ?» ብለሽ ለመጠየቅ ታፍሪያለሽ። ሁለታችሁም ዝም ትላላችሁ። ከዚያ በስድስተኛው ወር፣ ፈተናሽ ሲደርስ፣ ሳሎን ሶፋ ላይ ተኝተሽ ልጆቹ ቴሌቪዥን ከፍተው ነገሩ ይመርራል። ወይም ሚስቱ ሥራ ስትወጣ ልጆቹን ከመዋለ ሕፃናት የምታመጪው አንቺ ሆነሽ ትገኛለሽ። ይህን ለክፋት አላነሳሁትም። የሚዋደዱ ሰዎች በዚህ ሲቀያየሙ ደጋግሜ ስላየሁ ነው።

በሕግ በኩልም ማወቅ የሚገባሽ ነገር አለ። አጎትሽ ተከራይ ከሆነ እንዳንቺ ያለ ዘመድን ለረጅም ጊዜ ለማኖር የአከራዩ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ያለ ፈቃድ ቢያስመዘግብሽ ችግሩ የሚመጣው በእሱ ላይ ነው። ቤተሰቡ ከመንግሥት የኪራይ ድጎማ የሚያገኝ ከሆነ ደግሞ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ሲጨመር ድጎማው እንደገና ሊሰላ ይችላል፤ ያንቺ ድርሻ ተብሎ ከእነሱ ሊቀነስ ይችላል። አጎትሽ ይህን ላያውቅ ይችላል። ወይም እያወቀ ላንቺ ሲል ሊደብቅሽ ይችላል።

ስለዚህ ደውዪለትና በአክብሮት አንሺው። እንዲህ ማለት ትችያለሽ፦ «ጋሼ፣ ነይ ስላሉኝ እግዜር ይስጥልኝ። እዚያ ማመልከት ያለብኝ የተማሪ ማደሪያ አለ። እሱ እስኪገኝ ለጥቂት ሳምንት ቢያሳርፉኝ ትልቅ ውለታ ነው። የቤቱን አከራይ ማስፈቀድ ያስፈልግ ይሆን? እናንተንስ የሚነካባችሁ ጥቅማ ጥቅም ይኖር ይሆን?» ጥያቄው እንዲህ ሲቀርብ ለእሱም እፎይታ ነው። «ለጥቂት ሳምንት» ያልሽው ነገር በኋላ በስምምነት ሊረዝም ይችላል። «ለሁለት ዓመት» ተብሎ የተጀመረ ግን ሲያጥር ኩርፊያ አለበት። የአጎትሽን ባለቤትም ለብቻዋ አነጋግሪያት። የቤቱን ሸክም የምታውቀው እሷ ናት።

ቤታቸው ከዩኒቨርሲቲው ምን ያህል እንደሚርቅም አትርሺ። የምሕንድስናው ትምህርት ያለው መሐል ከተማ አይደለም፤ ፋይንገን በሚባለው ካምፓስ ነው። የከተማው ባቡር «ዩኒቨርዚቴት» የሚል የራሱ ፌርማታ አለው። አጎትሽ የሚኖርበትን ፌርማታ ጠይቂና የጉዞውን ሰዓት በስልክሽ እዪው፤ የጠዋቱንም፣ ከማታው አራት ሰዓት በኋላ ያለውንም።

ስለ ምሥራቁ የሰማሽው ነገር ዝም ብሎ ወሬ አይደለም። ማግደቡርግ ያለችው የውጭ ዜጋን የሚቃወም ፖለቲካ በበረታበት ክልል ነው። በታኅሣሥ 2024 በፈረንጆቹ በከተማዋ የገና ገበያ ላይ ከደረሰው አሰቃቂ ጥቃት በኋላም በውጭ ዜጎች ላይ የሚደርስ ስድብና ድብደባ መጨመሩን ለተጠቂዎች የሚያማክሩ ድርጅቶች ተናግረዋል። ይህን ሳልነግርሽ «ሂጂ» ብልሽ በደልኩሽ። በሌላ በኩል ዩኒቨርሲቲው በውጭ ተማሪ የተሞላ ነው፤ ካምፓሱ ከመሐል ከተማው ብዙ አይርቅም። እዚያ ተምረው በሰላም የተመረቁ አፍሪካውያን አሉ። ሽቱትጋርትም ቢሆን ከዘረኝነት የጸዳ ከተማ አይደለም።

እኔን ከማመን አሁን እዚያ የሚማሩትን ጠይቂ። የኢትዮጵያና የኤርትራ ተማሪዎች የቴሌግራም ቡድን ፈልጊ፤ የአፍሪካ ተማሪዎች ማኅበርም ካለ ጻፊላቸው። ሴት ተማሪ ብታገኚ ይመረጣል። «ጥሩ ነው ወይ?» ብለሽ አትጠይቂ፤ ሁሉም «ይለመዳል» ነው የሚልሽ። ከላይብረሪ ማታ ሦስት ሰዓት ወጥታ እንዴት ወደ ቤት እንደምትሄድ፣ የትኛውን ሰፈር እንደምትሸሽ፣ ለመጨረሻ ጊዜ መንገድ ላይ ምን እንዳጋጠማት ጠይቂያት። መልሱን ሰምተሽ ልብሽ እንቢ ካለ፣ እንቢ ማለት መብትሽ ነው። ሁለት ዓመት በስጋት መኖር ትምህርትን ያበላሻል። ከሄድሽ ደግሞ ካምፓሱ አጠገብ ያለ ማደሪያ ለማግኘት ጣሪ። በዛክሰን-አንሃልት በዘረኝነት ጥቃት ለሚጎዱ በነጻ የሚያማክር «ሞቢለ ኦፕፈርበራቱንግ» የሚባል አገልግሎት አለ፤ ስሙን ያዢው።

ስለ ሥራው ባጭሩ። ኢንቴል አይመጣም። በ2022 ማግደቡርግ ላይ ትልቅ የቺፕ ፋብሪካ እሠራለሁ ብሎ ነበር፤ በ2025 ሐምሌ በፈረንጆቹ ሰርዞታል። ያንን ተስፋ አድርገሽ ማግደቡርግን አትምረጪ። ሽቱትጋርትም «ቦሽ አለ፣ መርሴዲስ አለ» እየተባለ በሚወራው ልክ የተረጋገጠ ነገር የለም። የመኪና ዕቃ አምራቹ ቦሽ ራሱ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 2025 ተጨማሪ 13,000 የሥራ ቦታ እንደሚቀንስ አሳውቋል፤ ብዙው የሚነካውም ያንኑ አካባቢ ነው። በተማሪነትሽ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን መሥራት ትችያለሽ። ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ 13.90 ዩሮ ነው። ከምረቃ በኋላ ሥራ መፈለጊያ 18 ወር ይሰጥሻል፤ ያኔ ሽቱትጋርትም፣ ሙኒክም፣ የፈለግሽበት መሄድ ትችያለሽ። የተማርሽበት ከተማ አያስርሽም። ሥራ የሚያሳጣሽ ከከተማው ይልቅ ጀርመንኛ አለመቻል ነው። ከአሁን ጀምሪ። እስከምትመጪ ኤ2 የሚባለውን ሁለተኛውን የቋንቋ ደረጃ ብትደርሺ እንኳ ብዙ ልዩነት አለው።

ያቀረብሽውን ሁሉ ሳየው እኔ ወደ ማግደቡርግ አደላለሁ። ትምህርቱ ከሙያሽ ጋር ይሄዳል፤ የእህትሽም ገንዘብ በሰላም ያደርስሻል። ሽቱትጋርትን የምመርጥልሽ ሞዱልሃንድቡኹን አይተሽ «የኔ ይህ ነው» ካልሽ፣ በዚያ ላይ የዶርም ክፍል ወይም የክፍያ ነጻነት ካገኘሽ ነው። የአጎትሽን ቤት ብቻ ተማምነሽ ግን አትምረጪው።

ወደ ዶርሙ ልግባ።

መጀመሪያ የሚያሳስተውን ልንገርሽ። ዶርም የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲው አይደለም። «ሽቱዲረንደንቬርክ» የሚባል ራሱን የቻለ ድርጅት ነው፤ በማግደቡርግ «ሽቱደንተንቬርክ» ይሉታል። አድሚሽን ስለመጣልሽ ብቻ ክፍል አይያዝልሽም። ለብቻው በድረ ገጹ ማመልከት አለብሽ። ማመልከት ያለብሽ ደግሞ ቪዛው ሲመጣ ሳይሆን ዛሬ ነው። አብዛኞቹ ቦታዎች የአድሚሽን ደብዳቤ ይበቃቸዋል፤ ወረፋው የሚቆጠረውም ካመለከትሽበት ቀን ነው። «ቪዛ ሳይመጣ ቤት ብይዝ» ብለው የጠበቁ ልጆች ናቸው ጥቅምትን በየሆስቴሉ የሚያሳልፉት።

ገና ካልወሰንሽ በሁለቱም ከተማ አመልክቺ፤ ነውር የለውም። ቅጹ ላይ የክፍል ዓይነት ትመርጫለሽ። ለብቻ የሆነ አፓርታማ የሚመርጠው ሰው ብዙ ነው፤ ወረፋውም ይረዝማል። «ቬጌ» የሚባለው አለ። የራስሽ መኝታ ክፍል ኖሮሽ ወጥ ቤቱንና መታጠቢያውን ከሌሎች ጋር ትጋሪያለሽ። ርካሽ ነው፣ ቶሎም ይደርሳል፤ ለብቻዋ ለምትመጣ ልጅ ደግሞ ሰው ያስተዋውቃል። ወንድና ሴት የሚደባለቁበት እንዳለ እወቂ፤ ካልፈለግሽ ቅጹ ላይ ጻፊው። የኪራይ ጣሪያሽን በጣም ዝቅ አታድርጊው። ሃምሳ ዩሮ ከፍ ስታደርጊ የምታገኚው ምርጫ ይሰፋል።

ካመለከትሽ በኋላ ኢሜይልሽን በየቀኑ ክፈቺ፤ ስፓም የሚለውንም ጭምር። አንዳንዶቹ በየተወሰነ ጊዜ «አሁንም ትፈልጊያለሽ?» ብለው ይጠይቃሉ። ካልመለስሽ ከወረፋው ይሰርዙሻል። ክፍል ሲደርስሽም ለመቀበል የሚሰጡሽ ጥቂት ቀን ነው። ከመፈረምሽ በፊት ቪዛ ቢዘገይ ወይም ቢከለከል ውሉን እንዴት እንደምታፈርሺ በኢሜይል ጠይቂ፤ መልሳቸውንም አስቀምጪው። የተማሪ ዶርም ውል ብዙ ጊዜ በሴሚስተር የታሰረ ነው። ሳትመጪ ወራት ኪራይ ልትከፍዪ ትችያለሽ።

የዶርም ኪራይ አብዛኛውን ጊዜ ማሞቂያውን፣ መብራቱን፣ ውሃውንና ኢንተርኔቱን ያጠቃልላል። የግል ቤት ስታዪ ግን ሁለት ዋጋ ታያለሽ። «ካልትሚተ» ባዶው ኪራይ ነው። «ቫርምሚተ» ማሞቂያና ሌላ ወጪ የተጨመረበት ነው። መብራትና ኢንተርኔት ቫርም ውስጥ ላይገቡ ይችላሉ። የምታወዳድሪው ሁልጊዜ ቫርሙን ነው። መያዣ ከሦስት ወር ካልትሚተ በላይ መጠየቅ በሕግ አይፈቀድም፤ እሱንም በሦስት ወር ከፋፍለሽ መክፈል መብትሽ ነው።

ዶርሙ በጊዜ ካልደረሰ ጊዜያዊ ኪራይ ፈልጊ። «ስቪሸንሚተ» ይባላል። ጀርመናዊ ተማሪ ለአንድ ሴሚስተር ሌላ አገር ሲሄድ ክፍሉን ከነዕቃው ያከራያል። «ቬጌ ጌዙኽት» የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ብዙ አለ። በአጭር ጀርመንኛ ጻፊላቸው፤ ማን እንደሆንሽ፣ ምን እንደምትማሪ፣ መቼ እንደምትደርሺ፣ በቪዲዮ ልትተዋወቂያቸው እንደምትችዪ። ረጅም የልመና ደብዳቤ አያነቡም። አንድ ጥያቄ ግን አትዝለዪ፤ «አንሜልዱንግ ይቻላል?» በያቸው። አንሜልዱንግ ቤት በገባሽ በሁለት ሳምንት ውስጥ በከተማው ጽሕፈት ቤት የምትመዘገቢው ምዝገባ ነው። ለዚያ አከራዩ የፈረመው የማረጋገጫ ወረቀት ያስፈልግሻል። «ቤቱ አለ፣ ምዝገባ ግን የለም» ካሉሽ ርካሽም ቢሆን ተዪው።

እባክሽ፣ ያላየሽው ቤት ላይ ገንዘብ አትላኪ። አጭበርባሪዎቹ የሚሠሩበት መንገድ አይለወጥም። መሐል ከተማ ያለ ቆንጆ አፓርታማ ፎቶ፣ ከገበያው በጣም የረከሰ ኪራይ፣ «እኔ እንግሊዝ አገር ነኝ፣ መያዣውን ስትልኪ ቁልፉን በፖስታ እልክልሻለሁ» የሚል ትሁት ባለቤት። ፓስፖርትሽንም ይጠይቃሉ፤ በሱ ደግሞ ሌላ ሰው ያታልላሉ። ከአዲስ አበባ ሆኖ የሚፈልግ ሰው ቤቱን ሄዶ ማየት እንደማይችል ያውቃሉ። አጎትሽ እጅግ የሚጠቅምሽ እዚህ ላይ ነው። ሽቱትጋርት ከሆነ ሄዶ ይይልሽ። ማግደቡርግ ከሆነ ከቴሌግራሙ ቡድን አንድ ተማሪ ለምኚ። የሽቱዲረንደንቬርክን ገንዘብ ስትከፍዪም የባንክ ቁጥሩን ከራሳቸው ገጽ ጋር አመሳክሪ።

ቪዛውን በተመለከተ አድሚሽኖቹን ይዘሽ ሳትወስኚ ብዙ አትቆዪ። የምታመለክቺው በአንዱ ዩኒቨርሲቲ ስም ነው፤ የኤምባሲው ወረፋም ረጅም ነው። ክረምቱ ሴሚስተር በይፋ የሚጀምረው ኦክቶበር 1፣ በእኛ መስከረም 21 ነው፤ ትምህርቱ ግን በአብዛኛው ከኦክቶበር አጋማሽ ጀምሮ ነው። ቪዛው እንደሚዘገይ ካየሽ ለዩኒቨርሲቲው ጻፊና እስከ መቼ መመዝገብ እንደምትችዪ ጠይቂ። በዚያው ቀን ለዶርሙም አሳውቂ።

ስትመጪ የበረራ ቀንሽን ከቁልፉ ጋር አስማሚ። የዶርም ቁልፍ የሚሰጠው «ሃውስማይስተር» የሚባለው ሠራተኛ ነው፤ እሱም የሚገኘው በሥራ ቀን፣ በቀጠሮ ነው። ዓርብ ማታ ከደረስሽ እስከ ሰኞ ክፍልሽ በር ላይ ነው የምትቆሚው። ሰኞ ወይም ማክሰኞ ጠዋት ድረሺ። ክፍሉ አልጋ፣ ጠረጴዛና ቁም ሳጥን ይኖረዋል፤ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ ድስትና ሳህን ግን የለም። አንሶላና ቀለል ያለ ብርድ ልብስ ሻንጣሽ ውስጥ ይኑር። ስትረከቢ የሚሰጡሽ የዕቃ መረከቢያ ወረቀት አለ። ግድግዳው ላይ ያለውን ጭረት፣ የተሰበረውን መሳቢያ ሁሉ ጻፊበት፣ ፎቶም አንሺ። ስትወጪ መያዣሽ የሚመለሰው በዚያ ወረቀት ነው።

ብሎክድ አካውንቱ በደረስሽ ቀን አይከፈትም። አንዳንዴ ሳምንታት ይወስዳል። የመጀመሪያውን ኪራይ፣ መያዣውንና የአንድ ወር ምግብሽን የሚችል ገንዘብ ከብሎክዱ ውጭ እንዲኖርሽ ከእህትሽ ጋር ከአሁኑ ተነጋገሩ።

ማግደቡርግን ከመረጥሽም አጎትሽን አትቀየሚው፣ እሱም እንዳይቀየምሽ ቀድመሽ ንገሪው። ውሳኔውን ከሌላ ሰው እንዳይሰማ። የማትሄጂበትን ዩኒቨርሲቲና የማትገቢበትን ዶርም ደግሞ በኢሜይል ወዲያው አሳውቂያቸው። ወረፋው ላይ ካንቺ ቀጥሎ የሚጠብቅ ሌላ ልጅ አለ። ሞዱልሃንድቡኹን ካነበብሽ በኋላ ያልገባሽ ኮርስ ካለ ስሙን ጻፊልኝ፣ አብረን እናየዋለን።